መብራት ሲመለስ ማን ይነሳል?

አሮጌው የጅቡቲ ባቡር ሐዲድ በሚያልፍባት በአሰቦት፣ በአንድ ትንሽ ቢሮ ውስጥ ሊኑክስ የተጫነበት ሰርቨር አለ እንበል። ሠራተኞቹ ፋይል የሚጋሩት በእሱ ነው። መብራት ይጠፋል፤ ባትሪው ጥቂት ደቂቃ ይዞ ያልቃል። መብራት ሲመለስ ማሽኑ ይነሳል። አብረውት የሚነሱት ፕሮግራሞች የትኞቹ ናቸው? ይህን የሚወስነው እናንተ ቀድማችሁ ያዘዛችሁት ነው፤ ካላዘዛችሁ ደግሞ ሊኑክሱን ያዘጋጁት ሰዎች የመረጡት ነው።

የኔትወርክ አገልግሎት ፕሮግራም ፖርት የሚባል ቁጥር ያለው በር ይዞ ጥሪ ይጠብቃል፦ ከርቀት ለመግባት የሚያገለግሉት ኤስኤስኤች 22ን፣ ቴልኔት 23ን፣ ድረ ገጽ አቅራቢው 80ን። በሩን የሚያንኳኳው ሁሉ ደግሞ ወዳጅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1988 የሞሪስ ትል የተባለ ጎጂ ፕሮግራም በሺዎች የሚቆጠሩ የዩኒክስ ማሽኖችን ሲያሽመደምድ፣ አንዱ መግቢያው ፊንገር የተባለ አገልግሎት ነበር። የፊንገር ሥራ ማሽኑን እነማን እንደሚጠቀሙ መንገር ብቻ ነው። ያለ እሱ ሥራው የሚጓደልበት ቢሮ ብዙ አልነበረም።

በዚያ ዘመን በሮቹን በአንድነት የሚጠብቀው ኢኔትዲ ነበር። እንደ ግቢ ዘበኛ እንግዳ ሲመጣ የሚመለከተውን ፕሮግራም ይቀሰቅሳል። አንዱን አገልግሎት ለመዝጋት በማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ በመስመሩ መጀመሪያ ላይ # ማድረግና ኢኔትዲ ፋይሉን ዳግም እንዲያነብ ማዘዝ ይበቃ ነበር። ዛሬ በአብዛኞቹ ሊኑክሶች ይህን ሥራ የያዘው እ.ኤ.አ. በ2010 ብቅ ያለው ሲስተምዲ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «ስቶፕ» የሚለው የሲስተምዲ ትእዛዝ አገልግሎቱን አሁን ያቆመዋል፤ ማሽኑ እንደገና ሲነሳ ግን ተመልሶ ይመጣል። «ዲስኤብል» አብሮ እንዳይነሳ ያደርገዋል፤ አሁን እየሠራ ያለውን ግን አይነካውም። ሁለቱም ያስፈልጋሉ። አንዳንዱ አገልግሎት ደግሞ እነዚህም አይበቁትም፦ የህትመት አገልግሎቱን ካፕስን ብትዘጉትም፣ በሩን የያዘው የካፕስ ሶኬት ክፍት ከቀረ የመጀመሪያው ጥሪ ይቀሰቅሰዋል። ስለዚህ ሶኬቱም አብሮ ይዘጋ። «ማስክ» ከተደረገ ደግሞ ማስኩ እስኪነሳ ድረስ ሲስተምዲ አያስነሳውም።

የትኛው በር ክፍት እንደሆነ «ኤስኤስ» የሚባለው ትእዛዝ ያሳያል። ከፖርቱ ፊት 127.0.0.1 ካያችሁ፣ የሚያነጋግረው ያንኑ ማሽን ብቻ ነው። 0.0.0.0 ከሆነ ግን ለደረሰበት ሁሉ ክፍት ነው፤ ለምን እንደተከፈተ መልስ ሊኖራችሁ ይገባል። የማታውቁትን ስም ወዲያው አትዝጉ፤ ምን እንደሚሠራ አጣሩ። ቴልኔትን ካገኛችሁት ግን አታመንቱ፦ የይለፍ ቃል ሳይመሰጥር ስለሚያስተላልፍ ዝጉት፤ ከርቀት ለመግባት ኤስኤስኤች ይበቃል።

ሥራውን ስትጨርሱ አጠገቡ ተቀምጣችሁ ማሽኑን እንደገና አስነሱት። ኤስኤስኤችን በእጅ አስነስታችሁት፣ ከማሽኑ ጋር አብሮ እንዲነሳ «ኤኔብል» ማድረግ ከረሳችሁ፣ ከመብራት መቆራረጡ በኋላ ከርቀት መግባት አይቻልም፤ ባለሙያው ከጭሮ እስኪመጣ ቢሮው ሥራ ይፈታል። ሲነሳም «ኤስኤስ»ን ደግማችሁ አዝዙና ዝርዝሩን ከፊተኛው ጋር አስተያዩ።