ለንደን ላይ መንገድ እንዳይጠፋችሁ

ሙቀቱ ሲበረታ ለዕረፍት ወደ ለንደን የሚሄዱ የዐረብ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ የቤት ሠራተኞቻቸውን ይዘው የሚሄዱም አሉ። ለመሄድ የምትዘጋጁ ካላችሁ፣ ስለ ትራንስፖርቱ ጥቂት ማወቅ ከመጥፋትም ከቅጣትም ያድናል።

የለንደን ቀይ አውቶቡስ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። የሚከፈለው ኦይስተር በሚባል ካርድ ወይም በማስነካት በሚሠራ የባንክ ካርድ ነው። በአንድ ካርድ ሁለት ሰው አብሮ መሄድ ስለማይችል የራሳችሁ ካርድ እንዲገዛላችሁ ጠይቁ። አውቶቡስ ስትሳፈሩ ካርዱን አንድ ጊዜ ቢጫው መሣሪያ ላይ ማስነካት ይበቃል። በምድር ውስጥ ባቡር ግን ስትገቡም ስትወጡም አስነኩ፤ ስትወጡ ከረሳችሁ ከፍ ያለ ሒሳብ ይቆረጥባችኋል።

የጣቢያ ስምም ያሳስታል። የዐረብ ሱቆችና ምግብ ቤቶች የበዙበት ጎዳና ኤጅዌር ሮድ ይባላል። «ሮድ» የሚለውን ትታችሁ «ኤጅዌር» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ግን፣ ከመሐል ከተማ ርቆ በስተሰሜን ወዳለው የጥቁሩ መስመር መጨረሻ ጣቢያ ይመሯችኋል። ኤጅዌር ሮድ የሚባሉ ጣቢያዎችም ሁለት ናቸው፤ አንዱ በቡናማው መስመር ላይ ነው፣ ሌላው በአቅራቢያው ሆኖ ሌሎች መስመሮች ያልፉበታል።

ስለዚህ ያረፋችሁበትን ቤት አድራሻ፣ የጣቢያውን ሙሉ ስም፣ የመስመሩን ቀለምና የአሠሪዎቻችሁን ስልክ በወረቀት ጽፋችሁ ያዙ። ስልካችሁ ውስጥ ብቻ ከሆነ ባትሪ ሲያልቅ አብሮ ይጠፋል። መንገድ ከጠፋችሁ ወረቀቱን ለጣቢያው ሠራተኛ አሳዩ፤ እንግሊዝኛ ባትችሉም ወረቀቱ ይናገርላችኋል። አደጋ ከገጠማችሁ ደግሞ 999 ደውሉ።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ።