በእጅ በሚያዝ ጂፒኤስ ላይ የምንጭና የወሰን ነጥብ ስለ መጫን

ከሲግናል በላይ የሚታየው የእንጦጦ ጋራ የውሃ መከፋፈያ ነው፤ በደቡብ የሚወርደው ወደ አዋሽ፥ በሰሜን የሚወርደው ወደ ዓባይ ይሄዳል። ምንጮችንና የወሰን ድንጋዮችን ከካርታ አንብቦ ወደ መሣሪያው የሚጭን ሹም እንግዲህ አስቀድሞ የካርታውን ግርጌ ይመልከት። የቀድሞው የኢትዮጵያ ካርታ ሥራዎች ድርጅት ያሳተመው የ1 ለ50,000 ካርታ የተሠራው አዲንዳን በሚባለው የልክ መነሻ ነው፤ ጂፒኤስ ግን የሚከተለው ደብሊው ጂ ኤስ 84 የሚባለውን ነው። ቁጥሩ ሳይለወጥ የተጫነ እንደሆነ ነጥቡ ከ100 ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ ይርቃል፤ በጋራው ራስ አጠገብ ያለውም የዓባይ ምንጭ የአዋሽ ተብሎ ይጻፋል። መሣሪያውም አያስጠነቅቅም፤ ክፋቱ ይኸው ነው።

ደግሞ በጋርሚን ፖይ ሎደር የሚጫነው ዝርዝር በዲግሪ ተጽፎ አስቀድሞ ኬንትሮስን፥ ቀጥሎ ኬክሮስን፥ ከዚያም ስሙን ይፈልጋል። ተገላብጦ የተጻፈ የእንጦጦ ምንጭ በኢጣልያ በሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ከባሕር ውስጥ ይገኛል፤ ይህስ ወዲያው ስለሚታወቅ ጉዳቱ ቀላል ነው።

ከምንጮቹ ጋር አንድ የታወቀ ስፍራ፥ ለምሳሌ የእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን፥ ከዚያው ካርታ ተነቦ ይጫን። በስፍራው ቆመው ሲመለከቱ መሣሪያው ብዙ አሥር ሜትር ርቆ ያሳየ እንደሆነ ዝርዝሩ በሙሉ ተመልሶ ይታረም።