ስለ ምግብ ማቀዝቀዣ የመስታወት ሣጥን አተካከልና አጠባበቅ

ሥጋና ወተት፤ ቅቤና አይብ ሳይበላሽ ለገዢ እንዲደርስ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች አንዱ በፊቱ መስታወት ያለበት የማቀዝቀዣ ሣጥን ነው። ነጋዴዎች ዲስፕሌይ ፍሪጅ ይሉታል። በፍኖተ ሰላም፤ በቡሬና በአውራ ጎዳናው ዳር ባሉት ከተሞች ሥጋ ቤት ወይም ምግብ ቤት የሚከፍት ሰው ለዚህ ዕቃ ብዙ ገንዘብ ያወጣል። ዳሩ ግን ዕቃው ተገዝቶ መምጣቱ ብቻ ምግቡን አይጠብቀውም። በሚገባው ቦታ ካልቆመ፤ የኤሌክትሪኩ ኃይል ካልተስተካከለለት፤ አቧራው ካልተጠረገለት፤ መብራት የበራበት ቁም ሣጥን ሆኖ ይቀራል። ገዢውም መብራቱን አይቶ ሥጋው የቀዘቀዘ ይመስለዋል። በዚህ ስሕተት የሚታመመው ሕዝብ ነው፤ የሚከስረውም ነጋዴውና ከብቱን ያደለበው ገበሬ ነው። ስለዚህ አስተዳዳሪዎች፤ ንግድ ቤት የሚያከራዩ ባለቤቶችና የወረዳ ሹማምንት የዚህን ዕቃ ጠባይ ማወቅ ይገባቸዋል።

ብርድ የሚሠራውና የማይሠራው

ምግብን የሚያበላሹት በዓይን የማይታዩ ረቂቅ ተሕዋስያን ናቸው። ከነዚህ አንዳንዶቹ ሙቀት ሲስማማቸው በየ20 ደቂቃው ለሁለት ይከፈላሉ። እንዲህ ከሆነ አንዱ ብቻውን በ4 ሰዓት ውስጥ 12 ጊዜ ተከፍሎ 4,096 ይሆናል። ሙቀቱ ከ5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲወርድ መብዛታቸው እጅግ ይዘገያል፤ ነገር ግን አይሞቱም። ሊስቴርያ የሚባለው ዓይነት እንኳ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሆኖ ቀስ እያለ ይበዛል። እንዲሁም በ2 ወይም በ3 ዲግሪ የተቀመጠ ሥጋ በውስጡ ያለው የኮሶ እጭ አይሞትለትም። ጥሬ ሥጋ በሚበላበት አገር ይህ ነገር በብርቱ ሊታሰብ ይገባል። ስለዚህ ማቀዝቀዣው የእርድ ምርመራን አይተካም፤ ወተትንም አፍልቶ ከመጠጣት ነጻ አያደርግም። ብርድ መበላሸትን ያዘገያል እንጂ የተበላሸውን አያድንም።

ዕቃው የሚሠራበት መንገድ

በሸክላ እንስራ የተቀመጠ ውሃ የሚቀዘቅዘው፤ በእንስራው ግድግዳ ላይ የሚያዠው ጥቂት ውሃ ወደ አየር ሲተን ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ነው። የማቀዝቀዣውም ሥራ ከዚህ አይለይም። በቧንቧዎቹ ውስጥ የታሸገው ጋዝ በውስጠኛው ቧንቧ ከፈሳሽነት ወደ ትነት ሲለወጥ የምግቡን ሙቀት ይወስዳል። ኮምፕረሰር የሚባለው ሞተር ትነቱን ጨምቆ፤ በስተኋላ ወይም በታች ወዳለው ኮንደንሰር ይገፋዋል። በዚያም ጋዙ ሙቀቱን ለቤቱ አየር ሰጥቶ እንደገና ፈሳሽ ይሆናል። እንግዲህ ማቀዝቀዣ የውስጡን ሙቀት ወደ ውጭ ተሸክሞ የሚያወጣ ዕቃ ነውና፤ የሙቀቱ መውጫ ከተዘጋ ሞተሩ ቢደክምም ውስጡ አይበርድም።

የቀዘቀዘው አየር በምግቡ ዙሪያ መዞሩም እንደዚሁ ያስፈልጋል። በ1882 እ.ኤ.አ. ደነዲን የምትባል መርከብ ወደ 5,000 የሚጠጋ የታረደ በግና ጠቦት ጭና ከኒውዚላንድ ወደ ለንደን በ98 ቀን ደርሳለች። በመንገድ ላይ ብርዱ ለሁሉም ወገን እኩል እንደማይደርስ የመርከቡ አዛዥ ተመለከተ። በአየሩ መተላለፊያ ውስጥ ገብቶ ተጨማሪ ቀዳዳ ሲያበጅ በብርዱ ሊሞት ቀርቦ ነበር። ነገር ግን አየሩ መዞር ስለ ጀመረ ጭነቱ ዳነ። ዛሬም የማቀዝቀዣውን የአየር መንገድ በሥጋ ወይም በካርቶን የሚዘጋ ሻጭ፤ ያ አዛዥ በነፍሱ ተወራርዶ የከፈተውን መንገድ እንደ መዝጋት ነው።

ስለ አመራረጥ

ማቀዝቀዣዎች የሚፈተኑበት አይ.ኤስ.ኦ. 23953 የተባለ ዓለም አቀፍ ደንብ አለ። በዚህ ደንብ ኤም 1 የተባለው መደብ ምግቡን ከ1 ዲግሪ ከዜሮ በታች እስከ 5 ዲግሪ፤ ኤም 2 የተባለው እስከ 7 ዲግሪ፤ ኤች 1 የተባለው ግን ከ1 እስከ 10 ዲግሪ የሚይዝ ነው። ለሥጋና ለወተት የሚስማማው የመጀመሪያው ነው። ለስላሳ መጠጥ ለማቀዝቀዝ የተሠራውን ዕቃ ዋጋው ስለቀነሰ ለሥጋ መግዛት አይገባም። ከዚህም በቀር ዕቃው የተፈተነበት የአየር መደብ ይታይ። መደብ 3 የሚባለው በ25 ዲግሪ ሙቀት፤ መደብ 4 የሚባለው በ30 ዲግሪ ሙቀት የተፈተነ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ቆርቆሮ ክዳን ባለው ቤት ከቀትር በኋላ ያለው ሙቀት ከ25 ዲግሪ ያልፋልና፤ ለእንዲህ ያለ ቤት መደብ 4 ይሻላል።

ሌላው የአገሩ ከፍታ ነው። ፍኖተ ሰላም ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር፤ ቡሬ ወደ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ክብደት በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። የማቀዝቀዣው ማራገቢያ የሚነፋው አየር መጠኑ ያው ቢሆንም፤ ክብደቱ ስላነሰ ይዞት የሚወጣው ሙቀት ይቀንሳል። ስለዚህ በቆላ ወደብ ላይ ጥቂት አቧራ ችሎ የሚሠራው ዕቃ፤ በጎጃም ደጋና ወይና ደጋ አቧራው ቶሎ ይጐዳዋል።

ስለ አተካከል

ዕቃው በመኪና ተጭኖ ሲመጣ ቆሞ መጓዝ አለበት። ተጋድሞ የመጣ እንደሆነ፤ የሞተሩ ዘይት ወደ ስፍራው እስኪመለስ ድረስ ቆሞ 24 ሰዓት ሳይሠራ ይቆይ። የሚቆምበት ወለል ጠንካራና የተስተካከለ ይሁን፤ አለዚያ በሩ አይገጥምም፤ ውሃውም ወደ መውረጃው አይሄድም። ፀሐይ በቀጥታ የሚያገኘው መስኮት፤ ምድጃ፤ የእንጀራ ምጣድና የቡና ማሽን በአጠገቡ አይሁኑ። ከግድግዳው የሚርቅበትን መጠን የሠሪው መጽሐፍ ይናገራል፤ መጽሐፉ ከሌለ ከኋላው ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ይተውለት። የበርበሬ ወይም የእህል ወፍጮ ባለበት ቤት ማቆም አይገባም፤ ብናኙ ኮንደንሰሩን በጥቂት ቀን ይደፍነዋል።

የኤሌክትሪኩ ኃይል 220 ቮልት ሊሆን ይገባል። ከዚህ እጅግ ሲወርድም ሲወጣም ሞተሩ ይቃጠላል። ስለዚህ ለዕቃው የሚበቃ ስታቢላይዘር ይደረግለት፤ እርሱም መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ሞተሩን ከ3 እስከ 5 ደቂቃ የሚያዘገይ ይሁን። በጋዙ ውስጥ ያለው ግፊት ሳይረጋ ሞተሩ ወዲያው ከተነሣ ይጐዳልና። ሶኬቱ ለብቻው የተዘረጋ መስመር እንጂ ሌላ ዕቃ የተሰካበት አይሁን። ወለሉ በውሃና በደም የሚረጥብ ስለሆነ፤ የመሬት ሽቦ የሌለው ማቀዝቀዣ ሰው ይገድላል። ይህን ሽቦ መዘርጋት በተለይ የቤቱ ባለቤት ሥራ ነው፤ ቤቱን ለሥጋ ቤት ሲያከራይ በባለሙያ አሠርቶ ያስረክብ።

ስለ አጠቃቀም

ባዶው ዕቃ አስቀድሞ ይሥራ፤ ሙቀቱ ከ4 ዲግሪ በታች ወርዶ ሲረጋ ምግቡ ይግባ። እንዲህ ያለው የመስታወት ሣጥን የቀዘቀዘውን ለመጠበቅ የተሠራ ነው፤ ትኩሱን ለማቀዝቀዝ ኃይሉ አይበቃውም። አሁን የታረደ ሥጋ በሰውነቱ ሙቀት ሳለ ቢገባበት በውስጡ ያለውን ሁሉ ያሞቃል። ስለዚህ ሥጋው አስቀድሞ በትልቁ ማቀዝቀዣ ክፍል ይብረድ፤ ይህ ካልተገኘ በአንድ ጊዜ ብዙ አይጫን። ጥሬ ሥጋ ከታች፤ አይብና የበሰለ ምግብ ከላይ ይቀመጥ፤ ደም በሌላው ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። በውስጡ ከተመለከተው የመጫኛ መሥመር በላይ መከመር ክልክል ነው። ሙዝ፤ ማንጎና ቲማቲም ግን ከ10 ዲግሪ በታች ሲቆዩ ስለሚበላሹ በዚህ ሣጥን አይግቡ።

ስለ ጽዳትና ስለ ጾም ወራት

የውስጡ መደርደሪያ በየቀኑ፤ መላው ሣጥን በየሳምንቱ በሳሙናና ለብ ባለ ውሃ ይታጠብ። ኮንደንሰሩ ከሶኬቱ ተነቅሎ በለስላሳ ብሩሽ በየወሩ ይጠረግ፤ በበጋ አቧራ ጊዜ በየ15 ቀኑ ይሁን። በክረምት አየሩ እርጥብ ስለሆነ በውስጠኛው ቧንቧ ላይ በረዶ ይበዛል። በረዶው የአየሩን መንገድ ይዘጋልና ዕቃው ጠፍቶ ይቅለጥ፤ በቢላ መፋቅ ግን ቧንቧውን ይበሳል። የበሩን ላስቲክ ለመፈተን አንድ የወረቀት ብር በበሩ መካከል አድርጎ መዝጋትና መሳብ ይበቃል፤ ሳይይዘው ቢወጣ ላስቲኩ ይለወጥ።

ብዙ ሰው ዕቃው መብረድ ሲያቅተው ጋዝ አለቀ ብሎ ጋዝ ያስሞላል። ጋዝ ግን እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ያነሰ እንደሆነ ቧንቧው ተበስቶ ወጥቷል። ቀዳዳው ሳይደፈን መሙላት ገንዘብ ማባከን ነው። አር 12 የተባለው አሮጌ ጋዝ የሰማይን የኦዞን ሽፋን ስለሚጐዳ፤ በ1987 እ.ኤ.አ. በተፈረመው የሞንትሪያል ውል መሠረት እንዲቀር ተደርጓል። በአዳዲሶቹ ብዙ ዕቃዎች ያለው አር 290 ደግሞ ፕሮፔን ነው፤ እሳት ይይዛልና ያልተማረ ሰው በችቦ እንዳይበይደው መከልከል ያስፈልጋል።

ለዚህ ሥራ የአገሩ ልማድ መልካም ጊዜ ይሰጣል። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፤ በነቢያትና በፍልሰታ ጾም ሥጋ ቤቶች ሥራ ያቆማሉ። ጾሙ ሲገባ ዕቃው ባዶ ይሁን፤ ታጥቦ ይድረቅ፤ ከሶኬት ተነቅሎ በሩ ገርበብ ይበል፤ ተዘግቶ የተተወ እንደሆነ ይሻግታል። የሚጠገነውም በዚህ ወራት ይጠገን። ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይነሣና ቢያንስ 24 ሰዓት ባዶውን ይፈተን። ሁለት ወር ያህል ተኝቶ የቆየ ሞተር የፋሲካ ዋዜማ ዕለት ተነሥቶ ቢሰበር፤ ያን ሌሊት ባለሙያ አይገኝም፤ ሥጋውም ይበላሻል።

መብራት ሲጠፋ

መብራት የጠፋበት ሰዓት ወዲያው ይጻፍ፤ በሩም አይከፈት። ወፍራም ግድግዳ ያለው ማቀዝቀዣ ካልተከፈተ 4 ሰዓት ያህል ይቆያል፤ የመስታወት ሣጥን ግን ከዚህ ቀድሞ ይሞቃል። ጄኔሬተር የሌለው ነጋዴ ሥጋውን በረዶ ወዳለበት የታሸገ ሣጥን ያዛውር። የሚቆይ መስሎ ከታየ፤ ምግቡ ገና ቀዝቃዛ ሳለ ሥጋው ለቋንጣ ቢሰቀል፤ ቅቤው ቢነጠር፤ አባቶች ያለ መብራት ሲጠብቁበት የኖሩት ጥበብ ኪሳራውን ይቀንሳል። ከ5 ዲግሪ በላይ ሆኖ ከ4 ሰዓት በላይ የቆየው ግን ይጣል። እንደገና ማቀዝቀዝ ንጹሕ አያደርገውም።

የሹማምንት ተግባር

የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደኅንነቱ ያልተጠበቀ ምግብ ለሕዝብ እንዳይቀርብ ያዝዛል። በቡሬ የተቀናጀ አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2013 ዓ.ም. ተመርቋልና፤ የገበሬው ምርት ተዘጋጅቶ ወደ ገበያ የሚወጣበት መንገድ በሰፋ መጠን ይህን ትእዛዝ መፈጸም ይልቁን ያስፈልጋል። ተቆጣጣሪው በመስታወቱ ንጣት አይታለል፤ ቴርሞሜትር ይዞ ይሂድ። ሙቀቱን የሚለካውም ከሁሉ በሚሞቀው ስፍራ፤ ይኸውም በላይኛው መደርደሪያ በበሩ በኩል ይሁን። ቴርሞሜትሩን ለመፈተን የተፈጨ በረዶ ከውሃ ጋር ቀላቅሎ መንከር ነው፤ 0 ዲግሪ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ መፈተን በዚህ አገር ያሳስታል፤ ውሃ በቡሬ ከፍታ በ93 ዲግሪ ገደማ ይፈላልና።

ነጋዴው ጧትና ማታ ሙቀቱን የሚጽፍበት መዝገብ በየቤቱ ይኑር። ሹሙም ሲመጣ መዝገቡን ከራሱ ልኬት ጋር ያስተያይ። ብልሽት አግኝቶ ሥጋውን በፈቃዱ የጣለ ነጋዴ እንደ ጥፋተኛ ሊቀጣ አይገባም፤ ይህ ከሆነ ሌላው የተበላሸውን ደብቆ ይሸጣል። በአንድ ከተማ ያሉ ሥጋ ቤቶች ተባብረው አንድ የማቀዝቀዣ ባለሙያ በዓመት ክፍያ ቢይዙ፤ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጭ ከአንድ ሰንጋ ኪሳራ ያንሳል። የቤቱ ባለቤት መስመሩን፤ ነጋዴው ጽዳቱን፤ ሹሙ ቁጥጥሩን በየፊናቸው ቢፈጽሙ፤ ገዢው በመስታወቱ ውስጥ የሚያየውን ሥጋ አምኖ ወደ ቤቱ ሊወስደው ይችላል።