መብራት ሲጠፋ የሚሰማው

ፌስታሏ ስትራገፍ ጠረጴዛው ላይ የወጣው ይኼ ነው፦ ከክብሪት ቀፎ ብዙም የማትበልጥ አረንጓዴ ቦርድ፣ ሁለት ትንንሽ ጥቅል ሽቦ፣ ስምንት እግር ያላት አይሲ፣ አንድ ጭብጥ ሬዚስተርና ካፓሲተር፣ የኢርፎን መሰኪያና የዘጠኝ ቮልት ባትሪ ማያያዣ። ማይክሮፎን የለም። ይህን ቀድሞ ያስተዋለው ካንሳንጋ ውስጥ ሞባይል የሚጠግነው የአገሬ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ጆሮ የሌለው ነገር በምኑ ሊሰማ ነው?» አለኝ ዕቃዎቹን በጣቱ እየለየ። ካንሳንጋና ጎረቤቷ ካባላጋላ እንጀራና ቡና የማይታጣባቸው የካምፓላ ሰፈሮች ናቸውና በአማርኛ እየተጨዋወቱ ማስጠገን እዚያ ብርቅ አይደለም።

የምንሠራው የመግነጢስ መስክ ማዳመጫ ነው፤ ጆሮውም ጥቅል ሽቦው ነው። ማይክል ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 እንዳሳየው፣ በጥቅል ሽቦ ውስጥ የሚያልፈው የመግነጢስ መስክ በተለዋወጠ ቁጥር ሽቦው ላይ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ጄኔሬተሩም ትራንስፎርመሩም የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው። የኛ ጥቅል የምታመነጨው ግን እጅግ ኢምንት ስለሆነ አይሲዋ አጉልታ ወደ ኢርፎኑ ትልከዋለች። የመስኩ መለዋወጥ የሰው ጆሮ በሚለየው ፍጥነት፣ ማለትም በሴኮንድ ከ20 እስከ 20,000 ጊዜ ባለው ክልል ውስጥ ከሆነ፣ እንደ ሬዲዮ ጣቢያ መፈለግ ሳያስፈልግ በቀጥታ ድምፅ ይሆናል። ጀርመናዊቷ የድምፅ አርቲስት ክሪስቲና ኩቢሽ በዚሁ ዘዴ የተሠራ ማዳመጫ ለሰዎች እያጠለቀች በየከተማው የምታዘዋውርበት ሥራ አላት፤ ሰዎቹ የባንክ ማሽንና የሱቅ መብራት እያዳመጡ ይሄዳሉ።

ሊድ ማስያዝ ለልጁ የዕለት ሥራው ነው። የሶልደሩን ትኩስ ጫፍ መጀመሪያ የዕቃዋን እግርም የቦርዱን መዳብም እኩል ያስነካል፤ ሁለቱም ሲግሉ ሊዱን ያስጠጋል። ቀልጦ ፈሰስ ብሎ እግሯን ከቦ ካብረቀረቀ ይዟል ማለት ነው። ደብዝዞ ድብልብል ካለ ግን አቅልጦ ይመጠውና እንደገና ይጀምራል። «ላዩ የያዘ መስሎ ውስጡ የለቀቀ ነው ሰውን የሚያደክመው» አለኝ።

ካምፓላ ለእንዲህ ያለ ሥራ አዲስ አይደለችም። አፍሮራክ በሚል ስም የሚታወቀው ብራያን ባማንያ ሞዱላር ሲንተሳይዘር የሚባለውን የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ መሣሪያ ተመኝቶ ዋጋው የማይቀመስ ሲሆንበት፣ ኢንተርኔት ላይ በነፃ የሚገኙ ንድፎችን እየተከተለ፣ ከከተማው የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች ዕቃ እየለቀመ ራሱ ሠራው። በአፍሪካ በእጅ የተሠራ የመጀመሪያው እየተባለ ይጠራል። እ.ኤ.አ. በ2022 ሃኩና ኩላላ በተባለው የካምፓላ አሳታሚ በኩል አልበም አውጥቷል። በበኩሌ ከአልበሙ ይልቅ የምወድለት ወጣቶችን ሰብስቦ እንዲህ ያሉ ሰርኪዩቶችን ማሠራቱን ነው። ዕቃው እዚሁ ገበያ ውስጥ መኖሩን ያሳየ ሰው ትልቅ ነገር ሠርቷል።

ባትሪው ሲሰካ መጀመሪያ የመጣው ወፍራም እምምታ ነበር። ጥቅሏን ወደ ግድግዳው ሶኬት ሲያስጠጓት ይጎላል፣ ሲያርቋት ይለሰልሳል። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ በሚወጣበት በጂንጃ እ.ኤ.አ. በ1954 የተመረቀው ናሉባሌ ግድብም ሆነ በሰሜን በኩል በቅርቡ ሥራ የጀመረው ካሩማ ወደ አንድ መስመር የሚልኩት ኤሌክትሪክ በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። እምምታው እሱ ነው። አዲስ አበባም 50 ስለሆነ ድምፁ ያው ነው፤ አሜሪካ ያለ ዘመድ ቢሞክረው 60 ስለሚሆንበት ትንሽ ቀጠን ይልበታል።

መንገድ ሲወጣ ነገሩ ሁሉ ይለያያል። ያካ የሚሉት የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ ይንጫጫል። የኤል.ኢ.ዲ. ማስታወቂያ ይንሰፈሰፋል። ኤሌክትሪክ ቦዳ ቦዳ፣ ማለትም የሞተር ሳይክል ታክሲ፣ ለባዶ ጆሮ ዝም ብሎ ሲነሳ በኢርፎኑ ግን እየቀጠነ የሚወጣ ፉጨት ያሰማል፤ የሞተሩ መቆጣጠሪያ የባትሪውን ኃይል እየቆራረጠ ሲልክ የሚፈጥረው ነው። ከሁሉ የሚታወቀው የቁልፍ ስልክ ነው፤ ስፒከር አጠገብ ስልክ ሲጠራ የሚሰማውን ድርርር የማያውቅ የለም። ጂ.ኤስ.ኤም. ኔትወርክ ላይ እስከ ስምንት የሚደርሱ ስልኮች አንድ ሞገድ በተራ ይጋራሉ። የእያንዳንዱ ተራ በሴኮንድ 217 ጊዜ ይደርሳል፤ ስልኩም ተራው በደረሰ ቁጥር ከባትሪው ኃይል ይስባል። በኢርፎኑ የሚሰማው ድርርር የዚያ ድምፅ ነው።

እስከዚህ ድረስ መጫወቻ ነው። ታሪኩ የተለወጠው አንድ ማታ የሰፈሩ መብራት ድርግም ሲል ነው።

እምምታው እንደ ተቆረጠ ገመድ ጠፋ። በቦታው ቀርቶ የተሰማው ቋ፣ ቋቋ፣ ጭርር እያለ ሳይታሰብ የሚመጣና የሚቆም ድምፅ ነበር። ልጁ ወዲያው «የለቀቀ ሊድ አለ» አለ፤ በባትሪ መብራት ቦርዱን ገልብጦ እያንዳንዱን እግር ነካካ፣ የሚጠረጥራቸውን እንደገና አስያዘ። ድምፁ አልቀረም። ባትሪው ተቀየረ፣ አልቀረም። ስልኮቻችን ተዘጉ፣ አሁንም አለ። ከላያችን ሰማዩ ጥርት ብሎ ኮከብ ይታያል።

ይህ ዓይነቱ ግራ መጋባት የቆየ ነው። የግራሃም ቤል ረዳት ቶማስ ዋትሰን ገና ስልክ ሲፈጠር፣ የኤሌክትሪክ መስመር ከተማውን ሳያጥለቀልቅ በፊት፣ ቦስተን ውስጥ በተዘረጋ የሙከራ ሽቦ ላይ ሌሊት ሌሊት ማንም ያልላከው መንቋቋትና ጭውጭውታ ያዳምጥ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ባርክሃውዘን የጠላትን የስልክ ወሬ ለመጥለፍ ማጉያ ከመሬት ጋር ሲያያይዝ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ፉጨት ሰማ፤ ወታደሮቹ ቦምብ ሲበር የሚሰማ መሰላቸው። እ.ኤ.አ. በ1919 ጽፎ አሳወቀው። እንቆቅልሹን በ1953 የፈታው እንግሊዝ አገር የነበረው ተመራማሪ ኦወን ስቶሪ ነው፦ የፉጨቱ ምንጭ እንደ መንቋቋቱ ሁሉ መብረቅ ነው። መብረቅ የሚረጨው ሞገድ ትልቁ ድርሻ በሴኮንድ ከጥቂት ሺህ እስከ አሥር ሺህ አካባቢ ስለሚመላለስ ጥቅል ሽቦና ማጉያ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

መጽሐፍ እንዲህ ቢልም ካንሳንጋ ላይ ማረጋገጥ ሌላ ነው። ልጁ ከሞተር ጠምጣሚዎች ዘንድ የተቃጠለ ሞተር ሽቦ አመጣ፣ በመስኮት ፍሬም የሚያህል እንጨት ላይ ዙሪያውን ጠመጠምነው፣ ጫፎቹን በትንሿ ጥቅል ፋንታ ቦርዱ ላይ አስያዘ። የእንዲህ ያለ ፍሬም ጠባይ ደስ ይላል፤ ጠርዙ ወደ ምንጩ ሲዞር ድምፁ ይጎላል፣ ፊቱ ወደ ምንጩ ሲዞር ይከስማል። ሌላ ምሽት ይዘነው ሙየንጋ ኮረብታ ወጣን፤ ከዚያ ላይ ሐይቁ በደቡብ በኩል ይታያል። ከተማው በርቶ ስለነበር እምምታው ከሥር አለ፣ ቋቋታው ግን ጥሶት ይመጣል። ልጁ ፍሬሙን ቀስ እያለ አዞረው። ፊቱ ደቡብን ሲያይ ቋቋታው ደከመ። ያ ብቻውን ወይ ደቡብ ወይ ሰሜን ነው ይላል እንጂ አይለይም። የለየው ዓይናችን ነው፦ ከውሃው ማዶ ደመናው ብልጭ ሲልና ኢርፎኑ ቋ ሲል አንድ ላይ ነበር። ነጎድጓድ ጭራሽ አልደረሰንም፤ የመብረቁ ድምፅ ከሃያ ኪሎ ሜትር ብዙ ሲርቅ ለጆሮ አይደርስም። «ጋሼ፣ ሐይቁን ነው ስንሰማ የከረምነው» አለ።

የሐይቁ ነገር የታወቀ ነው። ሌሊት የብሱ ቶሎ ሲቀዘቅዝ ነፋስ ከዳር ዳር ወደ ውሃው ይነፍሳል፤ መሃል ላይ ተጋጭቶ ሞቅ ያለውን እርጥብ አየር ወደ ላይ ይገፋዋል። ለዚህ ነው የቪክቶሪያ ማዕበል ሌሊት የሚበረታው፣ ዓሣ አጥማጆችንም የሚፈጀው። የባርክሃውዘንን ፉጨት ግን ካምፓላ ላይ እሰማለሁ ብሎ ማምሸት ከንቱ ነው። ያ ፉጨት የሚፈጠረው የመብረቁ ሞገድ የምድርን መግነጢስ መስመሮች ተከትሎ ወደ ሕዋ ወጥቶ በሌላው ንፍቀ ክበብ ሲወርድ ነው፤ ቀጭኑ ድምፅ ቀድሞ፣ ወፍራሙ ዘግይቶ ይደርሳል። በመግነጢስ ወገብ አካባቢ መስመሮቹ ተጋድመው ስለሚያልፉ ርቀው አይወጡም። ያ ወገብ የሚያልፈው ደግሞ በእኛው አገር በኢትዮጵያ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና 1958 በተካሄደው ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ካናዳዊው ኢየሱሳዊ ፒየር ጉዊን አዲስ አበባ ውስጥ ኦብዘርቫቶሪ ያቋቋሙበት አንዱ ምክንያት ይኸው ቅርበት ነበር።

ኡጋንዳ ውስጥ መብረቅ የጨዋታ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 በኪርያንዶንጎ ሩንያንያ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ላይ የወደቀ መብረቅ 18 ተማሪዎችንና አንድ መምህር ገደለ። በኅዳር 2024 ፓላቤክ የስደተኞች ሰፈር ለጸሎት የተሰበሰቡ 14 ሰዎች ሞቱ። ካምፓላ ላይ የተመሠረተው የአፍሪካ የመብረቅና ኤሌክትሮማግኔቲክስ ማዕከላት መረብ ትምህርት ቤቶች ላይ መከላከያ ይተክላል፣ ያስተምራል፤ ግን ትምህርት ቤቱ ብዙ ነው።

መብረቅን ለመስማት ሊድና ሽቦ የሌላችሁ አሮጌ ሬዲዮ ካላችሁ ይበቃል። ኤፍ.ኤም. አይሆንም፤ ወደ መካከለኛ ሞገድ አዙሩት፣ ጣቢያ የሌለበት ቦታ ላይ አቁሙት። ቋቋታው እየተደጋገመና እየጎላ ከመጣ መብረቁ እየቀረበ ነውና ልጆችን ከሜዳ፣ ጀልባን ከውሃ አስገቡ። ብልጭታ ታይቶ ነጎድጓዱ 30 ሴኮንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ በአሥር ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው። ዛፍ ሥር፣ ድንኳን ውስጥ፣ ሣር ቤት ውስጥ መጠለል አያድንም፤ ጣሪያና በሩ ብረት የሆነ የተዘጋ መኪና ያድናል። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ በኋላም 30 ደቂቃ ሳያልፍ አትውጡ።