መርከብ «ኢትዮጵያ» በጠረጴዛ ላይ

የቀድሞው የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል ትልቋ መርከብ ከአፍንጫዋ እስከ ኋላዋ 94.7 ሜትር ነበረች። ይህን ለ200 ብታካፍሉት 47 ሳንቲ ሜትር ይመጣል። ፍራንክፈርት ኢነንሽታት ውስጥ፣ ከኮንስታብለርቫኸ አደባባይ አጠገብ ባለ ጠባብ አፓርታማ፣ የመጻሕፍት መደርደሪያ ላይ ሳትጨናነቅ የምታርፍ መርከብ ማለት ነው። ለ350 ብታካፍሉት 27፣ ለ700 ብታካፍሉት 13 ሳንቲ ሜትር ተኩል ትሆናለች። ሞዴል ሠሪ ሥራውን የሚጀምረው ከዚህ ማካፈል ነው። ቀፎው፣ ምሰሶው፣ መድፉ፣ የሕይወት አድን ጀልባው ሁሉ በዚያው በአንዱ ቁጥር ይካፈላል። ቀፎ ማካፈል ብዙ አያስቸግርም። ፈተናው የሚመጣው ገመዱና ሽቦው ጋ ሲደረስ ነው፤ ይህ ጽሑፍም በአመዛኙ ስለ እሱ ነው።

ጀርመን ይህ ሙያ ሥር የሰደደበት አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 ሐምቡርግ ላይ የተከፈተው ዓለም አቀፍ የባሕር ሙዚየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ትንንሽ የመርከብ ሞዴሎች አሉት። ዶርትሙንድም በየዓመቱ በጸደይ ትልቅ የሞዴል ሠሪዎች ዐውደ ርእይ ታስተናግዳለች። በዚህ አገር የሚኖር ኢትዮጵያዊ «ምን መርከብ ልሥራ?» ብሎ ሱቅ ቢገባ ቢስማርክንና ታይታኒክን ያገኛል። ሁለቱም የሚሠራቸው አላጡም። «ኢትዮጵያ» የምትባለዋን ግን እኛ ካልሠራናት ሌላ ሰው ይሠራታል ብዬ አልጠብቅም።

ስትወለድ ስሟ «ኦርካ» ነበር። አሜሪካ ውስጥ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ሌክ ዋሽንግተን በተባለ የመርከብ ግንባታ ተቋም ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1942 ውሃ ላይ ወረደች፤ በጥር 1944 አገልግሎት ጀመረች። የባርኔጋት ምድብ ከሚባሉት መርከቦች አንዷ ናት። እነዚህ መርከቦች ውሃ ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅ የሚያቀርቡ፣ የሚጠግኑና አብራሪዎችን የሚያሳድሩ ተንሳፋፊ ጣቢያዎች ነበሩ። «ኦርካ» ፊሊፒንስ ላይ ተዋግታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1946 ቢኪኒ ደሴቶች ላይ በተደረገው የአቶም ቦምብ ሙከራም ተሳትፋለች። ከጡረታ ተጠርታ ዳግም ካገለገለች በኋላ እ.ኤ.አ. በ1960 ተሰናበተች። በጥር 1954 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተሰጠችና የአገሪቱን ስም ተቀበለች፤ የጎን ቁጥሯም A01 ነበር።

ባሕር ኃይሉ ያን ጊዜ ገና ልጅ ነበር። የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1955 ነው፤ ሲደራጅ የኖርዌይ መኮንኖች ረድተዋል፤ ዋና ጣቢያው ምፅዋ፣ የመኮንኖች ኮሌጁ አሥመራ ነበር። በአዛዥነት ስማቸው ጎልቶ የሚነሣው የንጉሠ ነገሥቱ የልጅ ልጅ ልዑል እስክንድር ደስታ ናቸው። «ኢትዮጵያ» ለእጩ መኮንኖቹ የባሕር ላይ ትምህርት ቤታቸው ሆነች። ምፅዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. ከመንግሥት እጅ ወጣች። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሥርዓቱ ሲወድቅ መርከቧ ቀይ ባሕርን ተሻግራ የመን ገባች። እ.ኤ.አ. በ1993 ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። ኢትዮጵያ የባሕር በር አልባ የሆነችውም በዚያው ዓመት ነው። ዛሬ ሄዶ የሚነካት፣ ወለሏ ላይ የሚቆም ሰው የለም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ውሳኔ ዓመት መምረጥ ነው። ይህን ብዙ ጀማሪ ይዘለዋል። አንድ መርከብ በሃምሳ ዓመት ዕድሜው ውስጥ መድፉ ይቀነሳል፣ ራዳሩ ይቀየራል፣ አንቴና ይጨመራል፣ ቀለሙ ይለወጣል፣ ባንዲራውም አብሮ ይለወጣል። በ1937 ዓ.ም. የነበረችዋን «ኦርካ» የጦርነት መሣሪያ በ1957 ዓ.ም. በነበረችዋ «ኢትዮጵያ» ላይ የጫነ ሰው በየትኛውም ቀን ያልነበረች መርከብ ሠርቷል። ቀፎው ለሁሉም ዘመን አንድ ነው፤ ዘመኑን የሚናገረው ዝርዝሩ ነው፤ ከዝርዝሩም ይልቅ ምሰሶው ላይ ያለው። እኔ የምመርጠው በእኛ አቆጣጠር 1950ዎቹን፣ በተለይም ምፅዋ ላይ በየዓመቱ ይከበር የነበረውን የባሕር ኃይል ቀን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ይገኛሉ፣ እጩ መኮንኖች ይመረቃሉ፣ የአሜሪካ፣ የእንግሊዝ፣ የፈረንሳይ፣ የሶቭየት መርከቦች ሳይቀሩ በእንግድነት ወደቡ ላይ ይቆማሉ። መርከቧ ከሁሉም ቀን ይልቅ ብዙ ገመድ የምትይዘው ያን ቀን ነው።

ማስረጃው ከሦስት ቦታ ይሰበሰባል። አንደኛው የአሜሪካ ባሕር ኃይል ንድፎችና ፎቶዎች ናቸው። ሁለተኛው እህቶቿ ናቸው፤ ከዚያው ምድብ አንዷ «ሆኮን ሰባተኛ» ተብላ ኖርዌይ ውስጥ እንደ እኛዋ የሥልጠና መርከብ ሆናለች፣ አንዷ «ፒዬትሮ ካቬዛሌ» ተብላ ጣልያን ገብታለች። የእኛዋ ፎቶ የማያሳየውን ማዕዘን የእነሱ ፎቶ ያሳይ ይሆናል፤ ያም ሆኖ እህት ናትና ትመስላለች ተብሎ ብቻ መገልበጥ አይገባም። ሦስተኛውና ለእኔ ከሁሉም የሚከብረው በየአገሩ የተበተኑት የቀድሞ የባሕር ኃይል አባላት አልበምና ትዝታ ነው። በዚያች መርከብ ላይ ባንዲራ የሰቀለ ሰው ገመዱ ከየትኛው ጎን እንደሚወርድ እጁ ያስታውሳል። እነዚህ ሰዎች ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ ጥያቄው ዛሬ መጠየቅ አለበት።

አሁን ወደ ገመዱ። ሸራ የሌላት፣ በዲዝል ሞተርና በሁለት ፕሮፔለር በሰዓት 18 የባሕር ማይል የምትሄድ መርከብ ገመድ ምን ያደርግላታል? ብዙ ያደርግላታል። በሸራ ዘመን መርከበኞች ገመድን በሁለት ይከፍሉት ነበር፤ ምሰሶን ወጥሮ የሚይዝ ቋሚ ገመድና ሸራን የሚስብ፣ የሚያወጣ፣ የሚያወርድ ተንቀሳቃሽ ገመድ። የብረት መርከብም ክፍፍሉን ወርሳለች። ምሰሶዋን ከፊት፣ ከኋላና ከጎን የሚወጥሩ የብረት ሽቦዎች አሉ። ከምሰሶው አግዳሚ ክንድ ወደ ምልክት ሰጪዎች ወለል የሚወርዱ የባንዲራ ገመዶች አሉ። ረጃጅም የሬዲዮ አንቴና ሽቦዎች አሉ፤ ጫፎቻቸው ላይ ኤሌክትሪክ ወደ ብረቱ እንዳያልፍ የሚከለክሉ የሸክላ ኢንሱሌተሮች ይንጠለጠላሉ። ለእያንዳንዱ ሽቦ «አንተ ምን ትሠራለህ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሥራው ከታወቀ ውፍረቱም፣ ውጥረቱም፣ መነሻውና መድረሻውም ይታወቃል። ምሰሶ የሚይዝ ሽቦ ቀጥ ያለ ነው፤ የአንቴና ሽቦ በመሃሉ ጥቂት ይረግባል፤ የባንዲራ ገመድ ደግሞ ጥንድ ሆኖ ይወርዳል፤ በአንዱ ይወጣል፣ በሌላው ይወርዳል።

ውፍረቱ ላይ ሒሳቡ ይጨክናል። 14 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሽቦ በ1 ለ200 ስኬል 0.07 ሚሊ ሜትር ይሆናል፤ የሰው ጠጉር ያህል ማለት ነው። በ1 ለ350 ወደ 0.04 ይወርዳል። የልብስ ስፌት ክር ከዚህ በብዙ እጥፍ ይወፍራል፤ ሞዴሉ ላይ ሲታሰር መርከቧን የታሰረ በሬ ያስመስላታል። ለትልልቅ የሸራ መርከብ ሞዴሎች የጥጥ ክር ያገለግላል፣ ነገር ግን ጥጥ ጭረት አለው፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ ጠጉራም ነው። መድኃኒቱ ክሩን በንብ ሰም ላይ ደጋግሞ መጎተት ነው። ጭረቱ ይተኛል፣ ክሩ ይከብዳል፣ ርጥበትም በቀላሉ አይገባውም። ጧፍ ሲሠራ ያየ ሰው እጁ ይህን ሥራ ማንም ሳያስተምረው ያውቀዋል።

ለ«ኢትዮጵያ» ዓይነቷ ግን ሁለት ሌሎች ነገሮች ይሻላሉ። አንዱ እንደ ላስቲክ የሚለጠጥ ቀጭን ሰው ሠራሽ ክር ነው። በስሕተት ሲነካ አይበጠስም፣ ምሰሶም አይሰብርም፤ ለጀማሪ የምመክረው እሱን ነው። ሁለተኛው ከሞዴል ዕቃዎች ማቀፊያ የሚተርፈው ፕላስቲክ ነው። ቁራጩ በሻማ ነበልባል አናት ላይ እየተሽከረከረ ይሞቃል፣ ሲለሰልስ ከእሳቱ ይወጣል፣ ከዚያ ሁለቱ ጫፎች በእኩል ፍጥነት ይሳባሉ። በፍጥነት የተሳበው ይቀጥናል፣ በዝግታ የተሳበው ይወፍራል። የተጣበቀው ፕላስቲክ ረግቦ ከታየ፣ የተለኮሰ ሰንደል ጫፉ ሳይነካው በቅርብ ሲያልፍለት ሙቀቱ ይኮማትረዋል፤ ሽቦው ዓይናችሁ እያየ ቀጥ ይላል። ሰንደሉ ከተጠጋ ግን ክሩ ይበጠሳል፣ ስለዚህ በመጀመሪያ በማያስፈልግ ቁራጭ ላይ እጅን ማለማመድ ነው።

ቅደም ተከተሉ የሥራው ግማሽ ነው። ምሰሶው ብቻውን፣ ከመርከቧ ውጭ ይሠራል፤ ይቀባል። ፕላስቲክ ምሰሶ በአንድ ጎን ክር ሲወጠር ይጎብጣል፤ ስለዚህ ከናስ ዘንግ ወይም ከወፍራም ሽቦ መሥራት ይመረጣል። ገመድ ከመሃል ወደ ውጭ፣ ከታች ወደ ላይ ይታሰራል፤ እጅ ተመልሶ የማይገባበት ቦታ አስቀድሞ ማለቅ አለበት። የግራው ሲታሰር የቀኙ ወዲያው ይከተላል፣ አለበለዚያ ምሰሶው ያዘነብላል። ለእያንዳንዱ መነሻ በቀጭን የእጅ መሰርሰሪያ ቀዳዳ ይከፈታል። ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ ነጥብ ያህል ይቀመጣል፤ ክሩ በወረንጦ ይያዛል፤ ሲደርቅ ትርፉ በአዲስ ምላጭ ይቆረጣል። ሙጫው ደርቆ ሲያብረቀርቅ የሚታየው እንከን በደብዛዛ ቫርኒሽ ይሸፈናል።

የወለሉ ጠርዝ መከላከያ ሌላው ዝርዝር ነው። አንድ ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው መከላከያ በ1 ለ200 ስኬል 5 ሚሊ ሜትር ነው፤ በፕላስቲክ ቢቀረጽ ወፍራም አጥር ይሆናል። ስለዚህ ከቀጭን የናስ ሉህ በአሲድ ተበልቶ የሚዘጋጀው ይገዛል፤ ማጠፍና በልኩ መቁረጥ ብቻ ይቀራል። ከመቀባቱ በፊት በአልኮል ይታጠብ፤ የጣት ቅባት ካለበት ቀለሙ ይላጣል።

ቀለም ላይ የብዙዎችን ልማድ አልቀበልም። ሞዴል ሠሪዎች ዝገት ይወዳሉ፤ ከመልሕቁ ማውጫ ቀዳዳ በታች፣ ከውሃ መፍሰሻዎች ሥር ቡናማ ጅረት ይስላሉ። በረጅም ዘመቻ ላይ ለሰነበተ መርከብ ይህ እውነት ነው። «ኢትዮጵያ» ግን የእጩ መኮንኖች መርከብ ነበረች፤ የሥልጠና መርከብ ደግሞ በየቀኑ ይፋቃል፣ ይጠረጋል፣ ይቀባል። ንጉሠ ነገሥቱ በሚመጡበት ቀን ዝገት አሳይቶ የሚያድር አዛዥ አይታሰብም። የቀይ ባሕር ፀሐይ ግራጫውን ጥቂት ያፈዝዘዋል፤ በቀለሙ ላይ ትንሽ ነጭ ጨምሮ ያን ማሳየት ይበቃል።

ይህን ሁሉ ኢነንሽታት ላይ ሆኖ መሥራት ያለ ቦታው የተሠራ ነገር አይመስለኝም። የፍራንክፈርቱ ተወላጅ ኤድዋርድ ሩፔል ቀይ ባሕርን በመርከብ አቋርጦ እ.ኤ.አ. በ1831 ምፅዋ ወረደ፤ ከዚያ ወደ ሰሜን ተራሮችና ጎንደር ወጣ። ጭላዳን፣ ዋልያን፣ ቀይ ቀበሮን ለአውሮፓ ሳይንስ የገለጸው እሱ ነው። የሰበሰበውን የተቀበለው የዜንከንበርግ ሙዚየም ያን ጊዜ የነበረው ዛሬም ቆሞ ከሚታየው ከኤሸንሃይመር ግንብ አጠገብ ነበር። የምፅዋ ወደብ በዚህ ሰፈር ከተሰማ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላው ነው።

የመጨረሻው ሥራ የበዓሉ ባንዲራዎች ናቸው። በክብረ በዓል ቀን የምልክት ባንዲራዎች ከአፍንጫዋ ወደ ምሰሶው ጫፍ፣ ከዚያ ወደ ኋላዋ በአንድ መስመር ይዘረጋሉ። በስስ ወረቀት ላይ ከሁለቱም ገጽ እንዲታዩ ጥንድ ሆነው ይታተማሉ፣ ክሩ መሃላቸው ገብቶ ይታጠፋሉ፣ ይጣበቃሉ። ሙጫው ሳይደርቅ በወረንጦ ሞገድ ይሰጣቸዋል፤ ነፋሱ ለሁሉም ከአንድ ወገን ይሁን። የኋላው ባንዲራ በተመረጠው ዓመት ፎቶ ይረጋገጥ፤ አንበሳ ያለበትና የሌለበት አንድ አይደሉም። 8 ሚሊ ሜትር ተኩል የሚሆኑት ነጭ ለባሽ እጩ መኮንኖች በጠርዙ በእኩል ርቀት ይቆማሉ። ከዚያ መስተዋት ሳጥን ያስፈልጋል፤ አቧራ የያዘውን የጠጉር ያህል ሽቦ ሳይበጥሱ ማጽዳት ስለማይቻል። ሳጥኑ ከማሞቂያውና ከመስኮቱ ይራቅ፤ የፍራንክፈርት ክረምት ቤት ውስጥ ደረቅ ነው፣ በጋው ይወብቃል፣ የጥጥ ክር ካለበትም በዚህ መለዋወጥ ይጠብቃል፣ ይላላል። በመሠረቱ ላይ የሚለጠፈው የናስ ጽሑፍ ሁለቱንም ስሞች ይያዝ፤ ከሥራቸውም እ.ኤ.አ. 1944፣ 1962፣ 1991 እና 1993።