ሰው ሠራሽ አስተውሎት የመሥሪያ ቤቶችን የውስጥ አደረጃጀት እንዴት ይለውጣል?

በአንድ መሥሪያ ቤት የሚካሄድ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ ለመያዝ አንድ ጸሐፊ፣ አንድ ደብተርና ከስብሰባው በኋላ የግማሽ ቀን ሥራ ሲያስፈልግ ቆይቷል። ንግግርን ወደ ጽሑፍ የሚለውጡና የተነገረውን አሳጥረው የሚያቀርቡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች ግን ይህን ሥራ በደቂቃዎች ውስጥ ማከናወን ጀምረዋል። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የቱንም ያህል የተራቀቀ ቢሆን ድምፅ በሚያስተጋባና የጎረቤት ክፍል ጫጫታ በሚገባበት አዳራሽ ውስጥ የተናጋሪዎችን ቃል አጥርቶ ለመለየት ይቸገራል።

በመሆኑም አርቲፊሻል ኢንተለጀንስን ወይም ሰው ሠራሽ አስተውሎትን በሥራ ላይ ለማዋል የሚዘጋጅ መሥሪያ ቤት ከመሣሪያ ግዥው ጎን ለጎን ስለ ግድግዳው፣ ስለ ኮርኒሱ፣ ስለ ጠረጴዛው አቀማመጥና ስለ ባለጉዳዩ ወንበር ጭምር ሊያስብ ይገባል። ቴክኖሎጂው የጽሕፈትን ሥራ እያቃለለ በሄደ መጠን በቢሮ ውስጥ የሚቀረው ዋነኛ ተግባር መነጋገር፣ ማዳመጥ፣ መመርመርና መወሰን ነውና።

የቢሮ ቅርጽ በየዘመኑ የሥራውን መሣሪያና የአሠራሩን ፍልስፍና ተከትሎ ሲለዋወጥ ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1906 በአሜሪካ ቡፋሎ ከተማ የተጠናቀቀው፣ አርክቴክት ፍራንክ ሎይድ ራይት የነደፈው የላርኪን አስተዳደር ሕንፃ በፖስታ የሚመጡ የደንበኞች ትዕዛዞችን የሚያስተናግዱ በርካታ ጸሐፊዎች በሰፊ አዳራሽ ውስጥ በረድፍ ተቀምጠው እንዲሠሩ ታስቦ የተገነባ ነበር። በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀርመን የተጀመረው «የቢሮ መልክዓ ምድር» የተሰኘ አደረጃጀት በበኩሉ ጠረጴዛዎችን በረድፍ ከመደርደር ይልቅ በሠራተኞች ግንኙነትና በመረጃ ፍሰት መሠረት አሰባጥሮ አስቀምጧል። በ1960ዎቹ ሮበርት ፕሮፕስት ለኸርማን ሚለር ኩባንያ የቀየሰው ተገጣጣሚ የቢሮ ዕቃ ለሠራተኛው ነፃነት ለመስጠት የታሰበ ቢሆንም፣ ብዙ ሰው በጥቂት ቦታ ለማስቀመጥ ሲባል ወደ ጠባብ የፓርቲሽን ክፍልነት ተለውጧል።

በኢትዮጵያም የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ጥናት በተካሄደባቸው ዓመታት በርካታ መሥሪያ ቤቶች ግድግዳዎችን በማንሣት ሠራተኞቻቸውን በሰፋፊ አዳራሾች አስቀምጠዋል። ዓላማውም ፋይል ከክፍል ወደ ክፍል የሚጓዝበትን ርቀትና ባለጉዳይ የሚመላለስበትን ጊዜ ማሳጠር ነበር። ፋይሉ ከእጅ ወደ እጅ በሚተላለፍበት ጊዜ አዳራሹ ይህን ጥቅም ሰጥቷል። ፋይሉ በኮምፒዩተር መረብ መተላለፍ ሲጀምር ግን ጥቅሙ እየቀነሰ ይሄድና ጫጫታው ይቀራል።

ክፍት አዳራሽ የሠራተኞችን ቅርርብ ያሳድጋል የሚለው እምነትም ቢሆን በጥናት ተፈትኗል። ኢተን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን የተባሉ ተመራማሪዎች በሁለት ትላልቅ ኩባንያዎች አካሂደው እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረጉት ጥናት ወደ ክፍት አዳራሽ የተዛወሩ ሠራተኞች የፊት ለፊት ግንኙነት 70 በመቶ ያህል ቀንሶ የኤሌክትሮኒክ መልእክት ልውውጣቸው መጨመሩን አመልክተዋል።

በድምፅ የሚታዘዙ መሣሪያዎች መስፋፋት ችግሩን ይበልጥ ያጎላዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተሳትፎ በተንቀሳቃሽ ስልክ ላይ የተደረገ ሙከራ የእንግሊዝኛ ጽሑፍን በንግግር ማስገባት ከመተየብ በሦስት እጥፍ ገደማ እንደሚፈጥን አሳይቷል። አብዛኞቹን የአማርኛ ፊደላት ለመጻፍ ከአንድ በላይ የቁልፍ ምት ስለሚያስፈልግ በንግግር ማስጻፍ ለአማርኛ ተጠቃሚም ማራኪ አማራጭ ነው። በ2012 ዓ.ም. በማዕከልነት የተቋቋመው የኢትዮጵያ አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ ኢንስቲትዩትም በአገር ውስጥ ቋንቋዎች የሚሠሩ የንግግርና የትርጉም ቴክኖሎጂዎችን ከሥራ መስኮቹ አንዱ አድርጓል። ነገር ግን ሃያ ሠራተኞች በአንድ አዳራሽ ውስጥ በአንድ ጊዜ ደብዳቤ በቃል ማስጻፍ ቢጀምሩ አንዱ የሌላውን ሥራ ማሰናከሉ አይቀርም።

ለዚህ መፍትሔ ለማበጀት በቅድሚያ የድምፅን ባሕርይ መረዳት ያስፈልጋል። ምንም በማይጋረድበት ገላጣ ስፍራ ከድምፅ ምንጩ ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን የድምፁ መጠን በ6 ዴሲቤል ይቀንሳል። ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው መስታወት፣ ኮርኒሱ ጠንካራ በሆነበት ክፍል ግን ድምፁ እየነጠረ ስለሚመለስ የጠረጴዛዎች መራራቅ ብቻውን እምብዛም አይረዳም። ምንጣፍ፣ ወፍራም መጋረጃ፣ በጨርቅ የተሸፈነ ፓኔልና ድምፅ የሚመጥ ኮርኒስ ይህን ንጥረት ይቀንሳሉ።

ይሁንና ማስተጋባትን መቀነስና ድምፅ ወደ ሌላ ክፍል እንዳይተላለፍ ማገድ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ምንጣፍና መጋረጃ የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን አያሟሉም። ብዙ ጊዜ የሚታየው ጉድለት ኮርኒሱ ላይ የሚያበቃ የአልሙኒየም ወይም የጂፕሰም ፓርቲሽን ነው። እንዲህ ዓይነቱ ክፍል ከዓይን ቢከልልም ድምፁ ከኮርኒሱ በላይ ባለው ክፍተት ወደ ጎረቤት ያልፋል። ስለዚህ ምስጢራዊ ጉዳይ የሚታይበት ክፍል ግድግዳ እስከ ላይኛው የሕንፃ ወለል መድረስ፣ በሩም ሲዘጋ ከሥሩ ክፍተት የሌለው መሆን አለበት።

የምስጢራዊነት ጥያቄ ከምቾት ጥያቄ በላይ ነው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዜጎችን የግል መረጃ የሚይዝ አካል ተገቢውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ግዴታ ይጥላል። ይህ ግዴታ በኮምፒዩተሩ የይለፍ ቃል ብቻ አይሟላም። አንድ ባለጉዳይ ስለ ጤንነቱ፣ ስለ ትዳሩ ወይም ስለ ውርስ ክርክሩ ሲናገር ከኋላው የተሰለፉት ሰዎች የሚሰሙት ከሆነ መረጃው ወደ ኮምፒዩተር ከመግባቱ በፊት ወጥቷል። የኮምፒዩተሩ ገጽ ወደ መተላለፊያ ኮሪደር ዞሮ ሲቀመጥም እንዲሁ ነው። ከዚህ በተጨማሪ ንግግር የሚቀዳባቸው ክፍሎች ቀረጻ መኖሩን በግልጽ የሚያሳይ ምልክት፣ ቀረጻ የማይፈቀድባቸው ክፍሎችም ይህንኑ የሚገልጽ ማስታወቂያ ሊኖራቸው ይገባል።

የባለጉዳይ ማስተናገጃው አቀማመጥም ራሱን የቻለ ትኩረት ይሻል። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን አገልግሎቶች በአንድ ጣሪያ ሥር አሰባስቧል። እንዲህ ባሉ ማዕከላት ቅጽ የመሙላቱን ሥራ ኮምፒዩተር እያገዘ ሲሄድ በሠራተኛውና በባለጉዳዩ መካከል የቆመው ከፍ ያለ ባንኮኒና መስታወት አስፈላጊነቱ ይቀንሳል። ሠራተኛውና ባለጉዳዩ ጎን ለጎን ወይም በማዕዘን ተቀምጠው አንዱን ገጽ አብረው ቢያዩ፣ ማሽኑ ስምን ወይም የትውልድ ዘመንን ቢያሳስት ስሕተቱ እዚያው ይታረማል። ማንበብ ለማይችሉ ወገኖችም የተጻፈው እንዲነበብላቸውና ቃላቸው መሆኑን እንዲያረጋግጡ ዕድል ይሰጣል። ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ዝቅ ያለ ጠረጴዛና ወንበር መመደብም ከዚሁ ጋር አብሮ የሚታሰብ ነው።

ሌላው አነጋጋሪ ጉዳይ በቢሮ ዕቃዎችና ኮርኒሶች ላይ የሚገጠሙ መረጃ ሰብሳቢ መሣሪያዎች ናቸው። በአምስተርዳም የሚገኘውና እ.ኤ.አ. በ2010ዎቹ አጋማሽ ሥራ የጀመረው «ዚ ኤጅ» የተሰኘ ሕንፃ ወደ 28 ሺህ የሚጠጉ ሴንሰሮች ተገጥመውለት መብራትንና ሙቀትን በሰው መኖርና አለመኖር ይቆጣጠራል። ወደ 2 ሺህ 500 የሚሆኑ ሠራተኞች 1 ሺህ ያህል ጠረጴዛዎችን እየተፈራረቁ እንዲጠቀሙም አስችሏል። በአንጻሩ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 አንድ የለንደን ጋዜጣ ሠራተኛ በወንበሩ መኖሩን የሚለዩ ሣጥኖች በጠረጴዛ ሥር ቢያስገጥምም በተነሣው ተቃውሞ ምክንያት በዚያው ቀን ለማንሣት ተገዷል።

የሁለቱ ልዩነት በመሣሪያው ዓላማ ላይ የሚገኝ ነው። ባዶ ክፍልን ለይቶ መብራት ማጥፋትና የሠራተኛን ውሎ መከታተል አንድ አይደሉም። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. በ2024 ባጸደቀው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ የሠራተኛን ስሜት በመሣሪያ መለየትን ከሕክምናና ከደኅንነት ዓላማ በቀር በሥራ ቦታ ከልክሏል። ክልከላውም ከየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ ሆኗል።

የመዝገብ ቤቶች ጉዳይም መታየት ያለበት ነው። ሰነዶች ወደ ኮምፒዩተር ሲገቡ ከሸልፍ ነፃ የሚሆነው ቦታ ለጸጥተኛ የሥራ ክፍሎች ሊውል ይችላል። ሆኖም ሰነድ በስካነር ተነሥቷል ማለት ዋናው ቅጂ ዋጋ አጥቷል ማለት አይደለም። በመሆኑም ቦታ ለማስለቀቅ ሲባል የሕግ አግባብን ሳይከተሉ መዛግብትን ማስወገድ ኋላ የማይመለስ ጉዳት ያስከትላል።

ይህ ሁሉ ለውጥ የግድ ከፍተኛ በጀት አይጠይቅም። ሰፊው የማስላት ሥራ በአብዛኛው ርቆ በሚገኝ የመረጃ ማዕከል ስለሚከናወን ተራ መሥሪያ ቤት በዋናነት የሚያስፈልገው አስተማማኝ ኤሌክትሪክ፣ መጠባበቂያ ኃይልና የኔትወርክ መስመር ነው። ለኃላፊ ቢሮ አዲስ ሶፋና ጠረጴዛ ከመግዛት በፊት አንድ ክፍል መርጦ በሩንና ኮርኒሱን ማስተካከል፣ የማስተናገጃ ጠረጴዛዎችን ማዞር፣ ከዚያም ሠራተኞችንና ባለጉዳዮችን ጠይቆ ውጤቱን መመዘን ይቻላል። በሩ ተዘግቶ ከውጭ የቆመ ሰው የውስጡን ንግግር የሚሰማ መሆን አለመሆኑን መፈተሽ ምንም ወጪ የሌለው የመጀመሪያ እርምጃ ነው።

ማሽኑ ደብዳቤ ሊያረቅቅ፣ ቃለ ጉባኤ ሊያጠናቅርና ፋይል ሊፈልግ ይችላል። የባለጉዳዩን ችግር አዳምጦ ኃላፊነት የሚወስድ ውሳኔ መስጠት ግን የመንግሥት ሠራተኛው ድርሻ ሆኖ ይቀጥላል። ስለሆነም የመሥሪያ ቤቶች የውስጥ አደረጃጀት ባለጉዳዩ ሳይሳቀቅ የሚናገርበት፣ ሠራተኛውም ሳይታወክ የሚያዳምጥበት እንዲሆን ከወዲሁ ሊታቀድ ይገባል።