የአሮጌ ላፕቶፕ ምስል መቀደድና መድኃኒቱ

ዕቃ ተበላሸ በተባለ ጊዜ አስተዋይ ነጋዴ ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ጉድለቱ በእርግጥ የት እንደ ሆነ ይመረምራል። ሚዛኑ አጉድሎ ቢገኝ፣ ሌላ ሚዛን ከመግዛቱ አስቀድሞ ሚዛኑ የተቀመጠበት ጠረጴዛ የተስተካከለ መሆኑን ይመለከታል። ዛሬ በየመደብሩ ከሚዛኑ አጠገብ ቦታ ላገኘው ላፕቶፕም ይኸው ምርመራ ይገባዋል። በአሮጌ ላፕቶፖች ላይ ከሚታዩት ጉድለቶች አንዱ የምስል መቀደድ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ ስክሪን ብልሽት ስለሚቆጠር ያለ አገባብ ገንዘብ ያስወጣል። ስለዚህ መንሥኤውንና መድኃኒቱን ከዚህ በታች እንገልጻለን።

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ መካነ ሰላም የሚወስደውን መንገድ ተከትለው በሚገኙት ከተሞች፣ እንዲሁም በወግዲና በአማራ ሳይንት፣ እህልና ጥራጥሬ፣ በግና ቆዳ የሚነግዱ ሰዎች አሉ። ከእነዚህም መካከል የገቢና የወጪ መዝገባቸውን ከደብተር ወደ ላፕቶፕ ያዛወሩ አይታጡም። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ካምፓስ በመካነ ሰላም መገኘቱም ኮምፒዩተር የሚያውቁ ወጣቶችን ለከተማዋ አቅርቧል። ይሁን እንጂ በነጋዴው ጠረጴዛ ላይ የሚታየው መሣሪያ ብዙ ጊዜ አዲስ አይደለም፤ በሌላ ሰው እጅ አገልግሎ የመጣ፣ ዕድሜውም ወደ ዐሥር ዓመት የተጠጋ ነው።

እንዲህ ያለውን መሣሪያ ጠብቆ ማቆየት የሚገባበት ምክንያት ሁለት ነው። የመጀመሪያው የዋጋ ነገር ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን በፈቀደ ጊዜ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው የአንድ የአሜሪካ ዶላር ዋጋ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ120 ብር በላይ ሆኗል። ከውጭ አገር የሚመጣ ዕቃ ሁሉ፣ ሙሉ ላፕቶፕም ሆነ ለመለዋወጫ የሚገዛ ስክሪን፣ ይህን ጭነት ተሸክሞ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት፣ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጠው የነበረውን መደበኛ አፕዴት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማቆሙ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ በብዙ አሮጌ ላፕቶፖች ውስጥ የማይገኙ ክፍሎችን ይጠይቃል። በዚህም ምክንያት በነጻ የሚገኘውን ሊኑክስ የተባለውን ኦፐሬቲንግ ሲስተም በአነስተኛ ሜሞሪ ከሚሠራ ቀላል ዴስክቶፕ ጋራ መጫን ጥሩ መፍትሔ ሆኗል። ከእነዚህ ቀላል ዴስክቶፖች መካከል ኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ እና ኤል-ኤክስ-ኪው-ቲ የታወቁ ናቸው። ዙቡንቱ የተባለው ሲስተም በመጀመሪያው፣ ሉቡንቱ የተባለው ደግሞ በሁለተኛው ይሠራል።

እንግዲህ አንድ የእህል ነጋዴ እንዲህ ያለ ላፕቶፕ አላቸው እንበል። ጸሓፊያቸው የወሩን የሽያጭ መዝገብ ከላይ ወደ ታች በፍጥነት ስታንሸራትት በገጹ መካከል አግድም መሥመር ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ከመሥመሩ በላይ ያለው የገጹ ክፍል ከመሥመሩ በታች ካለው ክፍል ጋራ አይገጥምም፤ የቁጥሮቹም ወገብ የተቆረጠ ይመስላል። ማንሸራተቱ ሲቆም ገጹ ደኅና ነው። ቀኑን ሙሉ በዚህ ላይ የምትሠራው ጸሓፊ ዓይኗ ይደክማል፤ ነጋዴውም ያሳስባቸዋል። ጥገና የሚሠራው ወጣት ሳይመረምር፣ «ጋሼ፣ ስክሪኑ አልቋል፤ መለወጥ አለበት» ቢላቸው ማመናቸው አይቀርም። ገንዘቡ ይከፈላል፤ አዲሱ ስክሪን ይገጠማል፤ መሥመሩ ግን እንደ ቀድሞው ይታያል። ጉድለቱ ከመጀመሪያውም በስክሪኑ ላይ አልነበረምና።

የመቀደዱ መንሥኤ የጊዜ አለመገጣጠም ነው። የላፕቶፕ ስክሪን አንድን ምስል ከላይኛው መሥመር ጀምሮ እስከ ታችኛው ድረስ በተራ ይስለዋል፤ በአብዛኞቹ ላፕቶፖችም ይህን በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 60 ጊዜ ይደጋግመዋል። ስለዚህ አንዱን ሙሉ ምስል ስሎ ለመጨረስ የሚኖረው ጊዜ አንድ ሴኮንድ ለ60 ተከፍሎ የሚገኘው ነው። በአሮጌ ላፕቶፖች ዘንድ የተለመደው ስክሪን 768 መሥመሮች፣ በእያንዳንዱም መሥመር 1,366 ነጥቦች አሉት። ምስሉን አዘጋጅቶ ለስክሪኑ የሚያቀርበው ግን ግራፊክስ የተባለው ሌላ ክፍል ነው። ይህ ክፍል አዲስ ምስል ያቀረበው ስክሪኑ 300ኛውን መሥመር ስሎ በጨረሰበት ቅጽበት ቢሆን፣ የላይኞቹ 300 መሥመሮች ከቀድሞው ምስል፣ የቀሩት 468 መሥመሮች ደግሞ ከአዲሱ ምስል ይሆናሉ። ቅዳድ መስሎ የሚታየው የእነዚህ የሁለቱ መጋጠሚያ ነው።

ነገሩን በገበያ ምሳሌ መግለጽ ይቻላል። አንድ ጸሓፊ የእህልን ዋጋ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ አንድ ገዢ ደግሞ ሰሌዳውን ከላይ ወደ ታች ያነባል። ገዢው ጤፍንና ስንዴን አንብቦ ወደ ባቄላ ሲደርስ ጸሓፊው የትናንቱን ዋጋ ሁሉ አጥፍቶ የዛሬውን ቢጽፍ፣ ገዢው የጤፍን የትናንት ዋጋ ከባቄላ የዛሬ ዋጋ ጋራ ቀላቅሎ ይሄዳል። ጸሓፊውም ገዢውም አልዋሹም፤ ያልተጠባበቁ ብቻ ናቸው። መፍትሔው ሁለት ሰሌዳ ማዘጋጀት ነው። ጸሓፊው የዛሬውን ዋጋ በጓዳ ባለው ሰሌዳ ላይ ጽፎ ይጨርሳል፤ ገዢው የመጨረሻውን መሥመር አንብቦ ዓይኑን ወደ ላይ በሚመልስበት ጊዜ ሰሌዳዎቹ ይለዋወጣሉ። በኮምፒዩተር ዘንድ ምስሉን በጓዳ አሰናድቶ የሚያቀርበው ፕሮግራም ኮምፖዚተር ሲባል፣ ስክሪኑ እስኪጨርስ መጠበቁ ቪ-ሲንክ ይባላል።

ጉድለቱ በቀላል ዴስክቶፖች ላይ የሚበዛበትም ምክንያት ከዚሁ የመጣ ነው። ከባዶቹ ዴስክቶፖች ኮምፖዚተራቸውን ዘወትር እያሠሩ ያቆያሉ። ቀላሎቹ ግን ሜሞሪ ለመቆጠብ ሲሉ ኮምፖዚተሩ እንዲጠፋ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶቹም ከነአካቴው የራሳቸው ኮምፖዚተር የላቸውም። ከዚህም በላይ ላፕቶፑ እንዲፈጥን በማለት ኮምፖዚተሩን ራሱ ተጠቃሚው ያጠፋው ሊሆን ይችላል። በኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ በኩል ኮምፖዚተሩ በቪ-ሲንክ ረገድ በእጅጉ የተሻሻለው በነሐሴ ወር 2011 ዓ.ም. በወጣው በ4.14ኛው እትም ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተጫነ ሲስተም ያለው ሰው አስቀድሞ አዲሱን እትም መጫን ይበጀዋል።

ከመድኃኒቱ በፊት ግን ሕመሙን መለየት ያስፈልጋል። የምስል መቀደድ የሚታየው ምስሉ ሲንቀሳቀስ ብቻ ነው፤ ቦታውንም ይለዋውጣል። ምንም ሳይንቀሳቀስ በአንድ ቦታ ጸንቶ የሚኖር፣ በተለይም ላፕቶፑ ገና ሲከፈት የፋብሪካው ምልክት በሚታይበት ጊዜ ጭምር የሚኖር መሥመር፣ የስክሪኑ ወይም ወደ ስክሪኑ የሚሄደው ኬብል ብልሽት ነው። ጥርጣሬ ያለው ሰው ላፕቶፑን ከሌላ ሞኒተር ወይም ከቴሌቪዥን ጋራ በኬብል ያገናኘው። ጸንቶ የነበረው መሥመር በሁለተኛው ሞኒተር ላይ ካልታየ፣ ጉድለቱ በእርግጥ በላፕቶፑ ስክሪን ወይም በኬብሉ በኩል ነው፤ ለእንዲህ ያለውም ቴክኒሻን ያስፈልጋል። ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው መድኃኒት ለመጀመሪያው፣ ማለት ለሚንቀሳቀሰው ቅዳድ ብቻ የሚሆን ነው።

በኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ የሚሠራ ሰው በሴቲንግስ ውስጥ ዊንዶው ማኔጀር ትዊክስ የሚለውን ይክፈት። በዚያም ኮምፖዚተር በሚለው ገጽ ላይ የመጀመሪያዋን ሳጥን ምልክት ያድርግባት፤ ኮምፖዚተሩን የምታበራው እርሷ ናት። በዚሁ ገጽ ላይ ለመስኮቶች ጥላ የሚሰጡትን ምልክቶች ቢያጠፋ ጌጥ ይቀንሳል እንጂ ሥራ አይጎድልም፤ ለደካማ ላፕቶፕም ዕረፍት ይሆናል። ከዚህ በኋላ አንድ መስኮት ይዞ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በፍጥነት ያንቀሳቅስ። የመስኮቱ የቆመ ጠርዝ ሳይሰበር ቀጥ ብሎ ከሄደ ነገሩ ተፈጽሟል።

ጠርዙ አሁንም የሚሰበር ከሆነ ሴቲንግስ ኤዲተር የተባለውን ይክፈት። በውስጡ የኤክስ-ኤፍ-ሲ-ኢ መስኮት አስተዳዳሪ በሚገኝበት ክፍል ቪብላንክ ሞድ የሚባል መሥመር አለ። በዚህ መሥመር ላይ አውቶ፣ ጂ-ኤል-ኤክስ፣ ኤክስፕረዘንት ወይም ኦፍ ተብሎ ይጻፋል። ኦፍ ተብሎ ከተገኘ መጠባበቁ ጠፍቷል ማለት ስለ ሆነ ወደ አውቶ ይመለስ፤ አውቶ ካልበቃ ጂ-ኤል-ኤክስ፣ እርሱም ካልሆነ ኤክስፕረዘንት ይሞከር። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ከሲስተሙ ወጥቶ እንደ ገና መግባት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ለውጡ ሥራ ላይ ሳይውል መድኃኒቱ አልረዳም ወደሚል ስሕተት ያደርሳል።

ይህ መድኃኒት በላፕቶፑ ውስጥ አስቀድሞ ያለ በመሆኑ ኢንተርኔት አያስፈልገውም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ብዙ ወራት መቆየቱን ለሚያስታውስ የክልሉ ነጋዴ፣ ይህ እንደ ትንሽ ነገር የሚታይ አይደለም። በኤል-ኤክስ-ኪው-ቲ የሚሠራ ሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ፒኮም የተባለውን ኮምፖዚተር ጨምሮ ማሠራት ይኖርበታል። ፒኮም ካልተጫነ መስመር በሚገኝበት ቀን ወይም ወደ ደሴ በሚወረድበት ጊዜ አስቀድሞ ቢጫን ይሻላል፤ ከተጫነም በኋላ ቪ-ሲንክ በሴቲንጉ ውስጥ እንዲበራ ይደረግ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ቅዳዱ ካልጠፋ የሚቀረው የግራፊክሱ ድራይቨር ነው። የኢንቴልና የኤ-ኤም-ዲ አንዳንድ ድራይቨሮች ቲርፍሪ የሚባል የራሳቸው መከላከያ አላቸው፤ የኤንቪዲያ ድራይቨርም በሴቲንጉ ውስጥ ፎርስ ፉል ኮምፖዚሽን ፓይፕላይን የሚባል ምርጫ አለው። ይህ ግን ጥንቃቄ የሚጠይቅ ሥራ ነው። በኮንፊግሬሽን ፋይል ውስጥ ያልተጫነ ድራይቨር ስም ቢጻፍ፣ ላፕቶፑ በሚቀጥለው ጊዜ ሲከፈት ዴስክቶፑ ሳይመጣ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ፋይሉን የሚጽፈው ሰው እንዴት እንደሚሰርዘው አስቀድሞ የሚያውቅ መሆን ይገባዋል፤ የመዝገቡም ግልባጭ ከሥራው በፊት በፍላሽ ላይ ይቀመጥ።

ከመድኃኒቱ ጋራ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መከላከያዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ ማብራት አይገባም። ፒኮምን የሚያሠራ ሰው የዴስክቶፑን ኮምፖዚተር ያጥፋ፤ በድራይቨሩ መከላከያ የሚጠቀምም በሌላው ላይ አይደርብ። ምስሉ ስክሪኑን ስለሚጠብቅ በመጠበቅ ላይ ሌላ መጠበቅ ሲደረብ፣ የተጫነው ፊደል ወይም የተንቀሳቀሰው ማውዝ ዘግይቶ ይታያል። ለአንድ በር አንድ ዘበኛ ይበቃል። ቪ-ሲንክ ብቻውንም ቢሆን ያለ ዋጋ አይመጣም፤ ደካማው ግራፊክስ ምስሉን በጊዜው ካላደረሰ ተራው ስለሚያልፈው እንቅስቃሴው ጥቂት ይቆራረጣል። ለመዝገብና ለደብዳቤ ሥራ ግን ይህ የሚያስቸግር አይደለም።

በመጨረሻም ነጋዴው ሁለት ነገር እንዲያውቅ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው፣ የምስል መቀደድ በመዝገቡ ውስጥ ያለውን ቁጥር ከቶ የማይለውጥ መሆኑ ነው፤ በስክሪኑ ላይ የተቆረጠ መስሎ የታየው ሒሳብ በፋይሉ ውስጥ ሙሉ ነው፤ በወረቀትም ሲታተም ሙሉ ሆኖ ይወጣል። ሁለተኛው፣ ስክሪን እንዲለወጥ ከመስማማቱ በፊት ጠጋኙን፣ «ምስሉ ሳይንቀሳቀስ መሥመሩን አሳየኝ» ብሎ መጠየቅ እንደሚገባው ነው። ጠጋኙ ማሳየት ካልቻለ ገንዘቡ በኪስ ይቆይ፤ ጸሓፊውም ከላይ የተነገረውን ይሞክር። ሥራው ከሩብ ሰዓት የበለጠ አይፈጅም፤ የተረፈውም ብር ለሚቀጥለው የእህል ግዢ ይውላል።